ለጋሼ መካኒካችን ምስጋና፦ የ1966ቷ ኤምጂቢ እና ፋይሏ

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ይህን የምጽፈው አንድም ለማመስገን ነው፤ አንድም እንግሊዝ አገር ሆናችሁ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ለመግዛት የምታስቡ፣ ወይም ገዝታችሁ የሚታመን ባለሙያ ያጣችሁ ወገኖች እንድታውቋቸው ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ አልጠቅሰውም። ጋራዣቸው ምዕራብ ለንደን ነው፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቧቸው።

መኪናዋ በ1966 አቢንግደን ከነበረው የኤምጂ ፋብሪካ የወጣች፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ኤምጂቢ ናት። 1798 ሲሲ ሞተር፣ ሁለት ኤስዩ ካርቡሬተር፣ የሽቦ ቸርኬ እና ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ሲነዳ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) አላት። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ መለዋወጫው እንደ ልብ ነው፤ ሙሉ አዲስ ቦዲ እንኳ በድሮው ማተሚያ እየተሠራ ይሸጣል። ስለዚህ የሚያስቸግረው ዕቃ ማጣት አይደለም፤ ባለፉት ስልሳ ዓመታት ማን፣ ምኑን፣ እንዴት አድርጎ እንደጠገነው አለማወቅ ነው። ጋሼ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ፋይል የሚያነቡት ለዚህ ነው።

የዚህች መኪና ፋይል እንደ ዳዊት የወፈረ ነው። ጠረጴዛ ላይ በዓመት ቅደም ተከተል ዘረጉት። መጀመሪያ በእጅ የተሞላው የድሮ ሊብሬ፣ ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ስምና አድራሻ ተጽፎ ማህተም የተመታበት። ቀጥሎ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ስዋንሲ ካለው የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት የሚወጣው አዲሱ ሊብሬ፣ ቪ5። ከዚያ እኛ አገር ቦሎ እንደምንለው ያለው የዓመታዊ ምርመራ ወረቀት፣ ኤምኦቲ። በመጨረሻ ደረሰኞች። አራት ባለቤቶች ወጡ፦ ከ1966 እስከ 1971፣ እስከ 1984፣ እስከ 2004፣ እስከ 2022።

ወረቀቱን ከብረቱ ጋር ያመሳከሩበት መንገድ ማንም ገዢ ሊያደርገው የሚችል ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በጂኤችኤን3 ይጀምራል። ጂ ኤምጂ ማለት ነው፤ ኤች የሞተሩን መጠን፣ ኤን ባለ ሁለት መቀመጫ ክፍት መኪና መሆኗን፣ 3 ትውልዱን ያሳያል። ጣሪያ ያላት ጂቲ ብትሆን ኖሮ በኤን ፈንታ ዲ ይኖር ነበር። የሞተሩ ቁጥር በ18ጂቢ መጀመሩ ደግሞ ክራንኩ በአምስት ዋና ብሮንዚና ላይ የሚያርፍ፣ ከ1964 መጨረሻ ወዲህ የመጣው ጠንካራው ሞተር መሆኑን ይነግራል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ባለ ሦስት ነው። ጌይደን የሚገኘው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ከፋብሪካው መዝገብ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት መኪናዋ የተሠራችበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟንና የሞተር ቁጥሯን ስለሚጠቅስ፣ ሊብሬው፣ ቪ5ውና ይህ የምስክር ወረቀት ሞተሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ሲናገሩ ሞተሯ የራሷ ነው ማለት ይቻላል። የሞተሩ ቁጥር ሳህን በሪቬት የተያዘ ትንሽ ላሜራ ስለሆነ ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው ማዛወር አያቅትም። ጋሼ በመብራት የሚያዩት ሪቬቱን ነው።

ቆጣሪው ሌላ ጉዳይ ነው። አምስት አሃዝ ብቻ ስላለው ከ99,999 ማይል በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ዛሬ 38 ሺህ ይላል። 38 ነው ወይስ 138? የ1986ቱ ኤምኦቲ 91 ሺህ፣ የ1991ዱ 6 ሺህ ሲሉ ጥያቄው አለቀ፤ 138 ሺህ ነው። ለሞተሩ ይህ ክፉ ቁጥር አይደለም፤ ክፉ የሚሆነው ሻጭ ሲደብቀው ነው። ከ2005 ወዲህ ያለው የኤምኦቲ ታሪክ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል፤ የቀድሞው ግን ወረቀቱ ከጠፋ ጠፋ ነው። ከ2018 ወዲህ አርባ ዓመት የሞላት መኪና በመሠረቱ ካልተቀየረች ምርመራው አይገደድባትም። ጋሼ ግን በየዓመቱ አስመርምሩ ይላሉ፦ ፍሬኑን ሌላ ዓይን ያየዋል፣ ማይሉም ይመዘገባል።

ከ1995 እስከ 2004 አንድም ወረቀት የለም። ቆማለች ማለት ነው። ብዙ ገዢ “አልተነዳችም” ሲባል ይደሰታል፣ ጋሼ ግን ግንባራቸውን ይቋጥራሉ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ የቆመች መኪና የፍሬን ሲሊንደሮቿ ከውስጥ ይዝጋሉ። የፍሪሲዮን ሸራው ከፍላይዊሉ ጋር ይጣበቃል። የነዳጅ ፓምፗ ፑንቲና ይሻግታል፤ በመፍቻ እጀታ ቀስ ብሎ መታ ሲደረግ የሚነሳ ፓምፕ ምልክቱ ይኸው ነው። ከ2004ቱ ደረሰኞች ውስጥ ሲሊንደሮቹና ፍሪሲዮኑ ነበሩ፣ ሦስቱ የፍሬን ጎማ ቱቦዎች ግን አልነበሩም። የፊቱን አንዱን ፈትተው በስለት ሰነጠቁትና አሳዩኝ፦ ከላይ ደህና፣ ውስጡ ያበጠ። እንዲህ ያለ ቱቦ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ሲለቀቅ ግን አይመልስም፤ ጎማው እንደተያዘ ይቀርና ይግላል። ሦስቱም ተቀየሩ፣ ዘይቱ በዶት 4 ተተካ፣ ቀኑ ኮፈኑ ስር ባለች ወረቀት ላይ ተጻፈ። በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ላሜራው። ኤምጂቢ የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው የሚሸከማት። ጣሪያ ስለሌላት ደግሞ ሸክሙ የሚያርፈው ከበሩ ስር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በሚሄደው የላሜራ ሳጥን ላይ ነው፣ እንግሊዞቹ ሲል በሚሉት። ሳጥኑ የውጭ ላሜራ፣ መሀል ላይ የቆመ ማጠናከሪያ፣ የውስጥ ላሜራና ከታች አንድ ረጅም ዘንግ መሰል ላሜራ አለው። የሚበሰብሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃና የክረምት የመንገድ ጨው ከመከላከያው (ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው ላሜራ) ጀርባ ይጠራቀማል፤ ከዚያ እርጥበቱ ወደ ሳጥኑ ይዘልቃል። ርካሹ ጥገና የበሰበሰውን ሳይነኩ ከላይ አዲስ ላሜራ መደረብ፣ ስቱኮ መለቅለቅና ቀለም መቀባት ነው። ሲታይ ያምራል፣ ውስጡ ግን ዱቄት ነው።

ማወቂያው እንዲህ ነው። ማግኔት በጨርቅ ሸፍናችሁ ከበሩ ስርና ከኋላ ጎማ ቅስት ጫፍ ላይ አስጠጉ፤ ካልያዘ ስቱኮ ነው። ክሪኩን በመኪናዋ መደበኛ የክሪክ ቦታ አስገብታችሁ አንሱ፣ በሩን ክፈቱና ዝጉ። የበሩ ክፍተት ከተለወጠ ወይም በሩ ከነካ፣ መኪናዋ መሀሏ ላይ እየታጠፈች ነው። ትክክለኛው የውጭ ላሜራ ከፊትና ከኋላ መከላከያዎቹ ስር ገብቶ ይቀጥላል፤ ስለዚህ በደንብ ለመቀየር የፊቱን መከላከያ ማውረድ፣ የኋላውን ታች መቁረጥ ግድ ነው። በመከላከያው ጫፍ የሚያልቅ የብየዳ መስመር ካያችሁ ሥራው በአቋራጭ የተሠራ ነው።

ይህቺ መኪና በ2006 በአግባቡ መበየዷን ፋይሉ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ይመሰክራሉ። በግራ በኩል ግን ከኋላ በኩል አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ እንደገና ጀምሮ ነበር። ጋሼ የሠሩበትን ቅደም ተከተል ላስፍረው፣ ሌላ ቦታ ለምታሠሩ መለኪያ ይሁናችሁ። መኪናዋ በአራት ጎማዋ ላይ እንደቆመች በበሩ ክፍት ቦታ ላይ የብረት ድጋፍ ተበየደ። ክፍተቶቹ ተለክተው ተጻፉ። አንድ ጎን ብቻ ተከፈተ፤ ሁለቱን ጎን አንዴ መክፈት ቅርጿን ያሳጣታል። ማጠናከሪያው ንጹህ ብረት እስኪመጣ ተቆርጦ ተተካ። ከመዝጋታቸው በፊት በሩን ዘግተው ክፍተቱን እንደገና ለኩ። ብየዳው ሲያልቅ ውስጡ በሰም ተረጨ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹም በሽቦ ተፈተሹ፤ ሰሙ ከደፈናቸው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀለም አይቀቡም፤ ለዚያ ሌላ ሰው ይጠቁማሉ።

ካርቡሬተሮቹ ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ ብሎኑን ያዞራል። ጋሼ መጨረሻ ነው የሚያዞሩት። መጀመሪያ ቫልቭ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.38 ሚሊ ሜትር፤ 8ኛው ቫልቭ ሙሉ ሲከፈት 1ኛው ይለካል፣ ድምሩ ሁሌ ዘጠኝ እየሆነ ይቀጥላል። ከዚያ ካንዴላ 0.64፣ የዲስትሪቢዩተሩ ፑንቲና ከ0.35 እስከ 0.40፣ ማቀጣጠያው ሞተሩ ቆሞ 10 ዲግሪ። ይህ ካልተስተካከለ ካርቡሬተሩን መነካካት ውሸት ነው። ቀጥሎ የሁለቱን አየር በቀጭን ቱቦ ድምፁን ጆሮ ላይ እያዳመጡ ማመጣጠን። በመጨረሻ ድብልቁ፦ የካርቡሬተሩን ፒስተን በማንሻዋ ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ማድረግ። ሞተሩ ለአፍታ ፈጠን ብሎ ከተረጋጋ ልክ ነው፤ ፈጥኖ ከቀጠለ ነዳጅ በዝቷል፣ ከተንገዳገደ አንሷል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሚኒሞው ካልያዘ የጉሮሮው ዘንግ በልቷል፣ በጎኑ አየር ይስባል፤ ብሎን አያድነውም፣ ዘንጉና ቡሹ መቀየር አለበት። እዚህ መኪና ላይ የኋለኛው ካርቡሬተር እንዲያ ሆኖ ነው የተገኘው። በአንድ ነገር አልስማማም፦ ጋሼ ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ አይለውጡም፤ ለዕለት መንጃ ግን ኤሌክትሮኒኩ ድካም ይቀንሳል ባይ ነኝ።

ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። እስከ 1967 የተሠሩ ኤምጂቢዎች ማሳቸው፣ ማለትም ከቦዲው ጋር የሚገናኘው የባትሪ ጫፍ፣ ፖዘቲቭ ነው። ከመቀመጫው ጀርባ ባለው ክዳን ስር ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ይቀመጣሉ። ሳያውቅ ከዘመናዊ መኪና ኬብል የሚያገናኝ፣ ወይም ሬዲዮና የስልክ ቻርጀር የሚሰካ ሰው ጭስ ያያል። ጋሼ አልለወጡትም፤ ክዳኑ ላይ ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም በቀይ ጻፉበት። ፊውዝ ሁለት ብቻ ነው፣ የፊት መብራቱ ያለ ፊውዝ ነው የሚሠራው። እሱ ላይ ፊውዝ ጨመሩበት።

የሽቦ ቸርኬ ስትገዙ መኪናዋን በክሪክ አንሱ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፣ እናንተ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ አወዛውዙ። ኳ ካለ የእምብርቱ ጥርስ በልቷል። የግራና የቀኝ እምብርት ክሩ ይለያያል፤ ከተቀያየረ ዳዶው እየተነዳ ይፈታል። የፊት እግር በየጎኑ ሦስት የግሪስ መግቢያ አለው፤ በየ3,000 ማይሉ፣ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ነው የሚሞላው፣ ክብደት ካረፈበት ግሪሱ የሚፈለገው ቦታ አይደርስም። ዘይት 20ደብሊው50 ለሞተሩም ለካምቢዮውም፤ ካምቢዮውና ኦቨርድራይቩ አንድ ዘይት ስለሚጋሩ መጠኑ ሲጎድል መጀመሪያ የሚንሸራተተው ኦቨርድራይቩ ነው። ከመስከረም 2021 ወዲህ እዚህ አገር መደበኛው ቤንዚን ኢ10 (እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት) ሆኗል፤ የድሮ ጎማ ቱቦ ስለሚበላ ኢ5 የሆነውን ሱፐር ቅዱ።

ጋሼ የሚሠሩት ብቻቸውን ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። ከመደወላችሁ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ ያላችሁን ኤምኦቲና ደረሰኝ ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ በካርቶን መልሰው ይሰጣሉ፤ አትጣሉት፣ የተሰነጠቀችው ቱቦ አሁንም ፋይሉ ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልላ አለች።