ደብረ ማርቆስ ላይ በርበሬና ሽሮ የት ልግዛ ለምትሉ

ሰላም እህቶች፣ ደብረ ማርቆስ ባልትና የሚሸጥ ቤት ሞልቷል ግን እኔ 2 ዓመት ሙሉ ከአንድ ቤት ብቻ ነው የምገዛው፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ባለቤቷ ሰሌዳ ምናምን የላትም፣ ከመናኸሪያው ብዙም የማይርቅ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነው፣ በርበሬ የተሰጣ ቀን ከሆነማ ገና መንገዱ ላይ እያላችሁ ያስነጥሳችኋል።

ዛላውን የምታስመጣው ከቡሬና ከወምበርማ በኩል ነው፣ ጎጃም ውስጥ በርበሬ ከተባለ መቼም እዛ ነው። አንድ ቀን ጆንያ ሲራገፍ ደረስኩ፣ እትየ (ሁላችንም እንደዛ ነው የምንላት) እጇን እስከ ክንዷ ጆንያው ውስጥ ሰዳ ከሥር አንድ ዛላ ታወጣና ጆሮዋ አጠገብ ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ ፍሬው ካልተንሿሿ አልደረቀም ማለት ነው፣ ያልደረቀ ደግሞ ይሻግታል። ከዛ ሰብራ ውስጡን ታያለች፣ ሻጋታ ካየችበት ጆንያው እንዳለ ይመለሳል፣ ነጋዴው ቢቆጣም ቢለማመጥም አትሰማውም። የገዛችው ደግሞ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተሸክሽኮ፣ በነጭ ሽንኩርት በዝንጅብልና በበሶብላ ተለውሶ እንደገና ፀሐይ ይሞቃል፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። መንገድ ተዘግቶ ኮረሪማ የጠፋ ሰሞን "የዛሬው ኮረሪማ የለውም" ብላ ለያንዳንዱ ሰው እየነገረች ነበር የሸጠችው። በፊት ከሌላ ቤት የገዛሁት ወጡ ሥር እንደ አፈር ዘቅጦብኝ ስለሚያውቅ ይሄ ነገር ለኔ ትልቅ ነው።

ሽሮዋ የሽምብራና የአተር ነው፣ ጓያ አትጨምርም፣ ጓያ ሲበዛ እግር እንደሚሰብር እናቶቻችን ያውቁታል። ውሃ ላይ ስትነሰንሱት አይጓጉልም፣ ቶሎ ይበስላል።

አሁን ስለሷ ልናገር፣ ፈቅዳልኛለች። በ13 ዓመቷ ነው የዳሯት፣ ዛሬ ሕጉ 18 ይላል ያኔ ግን ማንም አልጠየቀላትም። ሁለት ከወለደች በኋላ ሰውየው ሌላ አገባባት፣ ሽማግሌዎቹም ልጆችሽን ይዘሽ ዝም ብለሽ ኑሪ አሏት። አልኖርም አለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ረድቷታል፣ በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ መሬት ሲመዘገብ ደብተሩ ላይ የሚስትም ስም ገብቶ ነበርና ሲፋቱ ድርሻዋን ማንም ሊከለክላት አልቻለም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠች፣ የደረሳትን ሽምብራ በገዛ ምጣዷ ቆልታ አስፈጭታ ገበያ ላይ በኩባያ እየሰፈረች መሸጥ ጀመረች። ከዛ ከአብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ) ከአራት ሴቶች ጋር በቡድን ዋስትና ተበደረች፣ አንዷ ልጇ ታሞባት መክፈል ሲያቅታት አራቱ ተካፍለው ከፈሉላት። ያቺ ሴት ዛሬም ግቢው ውስጥ አለች፣ በርበሬውን የምታምሰው እሷ ናት።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ትዳሬ በፈረሰ በ3ኛው ወር ነበር። አንድ ኪሎ በርበሬ ልገዛ ገብቼ፣ ስንት ሰው ነው ቤት ውስጥ ያላችሁት፣ ምን ያህል ይበቃሻል ስትለኝ መመለስ አቃተኝ፣ በቃ እንባዬ መጣ። ምንም አላለችኝም። የላስቲክ ጓንት ሰጠችኝና "ነይ ልጀ ቁጭ በይ፣ ከነሱ ጋ ቀንጥሺ፣ እዚህ ያለቀሰችን ማንም ለምን አይላትም፣ በርበሬው ነው ይባላል" አለችኝ። ስድስት ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ነበር፣ ሁሉም ዓይናቸው ቀልቷል፣ የማንኛዋ በበርበሬው እንደሆነ የማንኛዋ በሌላ እንደሆነ አይለይም፣ እኔም እስኪመሽ ቀንጥሼ አልቅሼ ወጣሁ። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ፣ ከዛም በሳምንቱ። አንድ ቀን ዱቤዋን ግድግዳ ላይ በከሰል ስትጽፍ አይቼ ደብተር ገዝቼላት ሄድኩ፣ የአካውንቲንግ ዲፕሎማዬ 9 ዓመት ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ የቀድሞ ባለቤቴ ሥራ እንድገባ አይፈልግም ነበርና። ስለዚህ አልደብቃችሁም፣ አሁን ሂሳቧን የምይዝላት እኔ ነኝ፣ በሷ ቤት እጄን አፍታትቼ ነው ሌላም ቦታ ተወዳድሬ ሥራ ያገኘሁት። ብትፈልጉ ለሷ አድልታ ነው በሉኝ፣ በርበሬው ግን ቅመሱትና ፍረዱ።

የማይመቸኝም አለ። ዋጋዋ ከገበያው ወደድ ይላል፣ ፌስታሉ ስስ ነው ይቀደዳል፣ ክዳን ያለው ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ስልክ አታነሳም፣ እጇ ሁሌ በርበሬ ስለሆነ። ሁዳዴ ሲገባ ሽሮው ቶሎ ያልቃል፣ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ እዘዙ። በርበሬው ደግሞ ኃይለኛ ነው፣ ልጆች ካሏችሁ ከለመዳችሁት ቀንሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ብትመጡ ቅንጠሳ ላይ ነን፣ ትርፍ ጓንት አለ።