የመኪናችሁ መሪ ማለዳ ላይ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የመሪ ሳጥን ለመቀየር አትቸኩሉ

የሱሉልታን የታኅሣሥ ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። የእኔ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት ኮሮላ በዚያ ወቅት ከግቢ ለመውጣት መሪ ስጠመዝዝ እናቷን እንዳጣች ጥጃ ታላዝናለች። የእንጦጦን አቀበት አልፌ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ ግን ድምፁ የለም።

ከሥራ ስመለስ በዋናው መንገድ ዳር ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ሞተሩ እንደ ሞቀ መሪውን ወዲያ ወዲህ አዞረና «የመሪ ሳጥኑ አልቆለታል፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቆለፍብሃል» አለኝ። ሳጥን የሚለው የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ክፍል ነው። ልብ በሉ፤ መካኒኩ ድምፁን አልሰማውም። ላልሰማው በሽታ መድኃኒት አዘዘ፣ እኔ ደግሞ ፈርቼ ዋጥኩት። ከዱባይ መጣ ለተባለ ያገለገለ ሳጥን 42,000 ብር፣ ለእጅ ዋጋ 6,000 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ሒሳቡ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ብጣሽ ካርቶን ተሰጠኝ። (የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህን ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው።)

በማግሥቱ ማለዳ ጥጃዋ ጮኸች።

ድምፁን ሰምተው የወጡት አውቶቡስ ሲነዱ ያረጁ ጎረቤቴ ናቸው። «ኮፈኑን ክፈተው ልጄ፤ ሞተሩን ግን እንዳታጠፋው» አሉኝ። የመሪ ዘይቱን ማጠራቀሚያ ክዳን ሲያነሡት ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ሊደርስበት ከሚገባው ምልክት በታች ወርዷል፤ ላዩም እንደ ሳሙና ውኃ አረፋ ይዟል። አረፋ ማለት አየር ገብቷል ማለት ነው አሉ። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚሄደው ጎማ ቱቦ አርጅቷል፤ ሌሊት ሲበርደው ይደርቃል፣ ማሰሪያውም ይላላል። ዘይቱ ራሱ በብርድ ስለሚወፍር ፓምፑ አጥብቆ ሲስብ በዚያች ክፍተት አየር ይገባል፤ የሚያላዝነውም ፓምፑ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ጎማው ይለሰልሳል፣ ድምፁም ይጠፋል። ያለቀ ሳጥን ብዙውን ጊዜ በቀትር አይድንም።

ማሰሪያውን ቀየርን፤ የዚህ መኪና መሪ የሚጠቀመው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ስለሆነ ዴክስሮን 3 የተባለውን ጨመርን። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተን፣ ሞተሩ ሳይነሣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመን እያዞርን አየሩን አስወጣን። ለሁሉም ያወጣሁት ከ1,000 ብር አይበልጥም።

መሪው በብርድ የሚጮህባችሁ ከሆነ መኪናዋን ማታ ጋራዡ ዘንድ አሳድሯትና ማለዳ መካኒኩ ፊት አስነሡ። ካልተስማማ ሌላ ፈልጉ። ማላዘን ሳይሆን ጭርጭርታ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ) ነው። ሞቆም የማይተው፣ ጉድጓድ ላይ የሚያንኳኳ ድምፅ ግን ቴስቲናው (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) ወይም ጎሚኒው (በብረቶቹ መጋጠሚያ ውስጥ ያለው ላስቲክ) ሊሆን ስለሚችል አትናቁት፤ ቴስቲና ሲወልቅ ጎማው መሪውን አይሰማም። ዘይቱ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነም መሙላት ብቻውን አይበቃም፤ የሚፈስበትን ማግኘት ያስፈልጋል። እንደ 2ኛው ትውልድ ቪትዝ ያሉ መኪኖች ደግሞ መሪያቸው በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚታገዝ የመሪ ዘይት የላቸውም። ለቪትዝ «የመሪ ዘይት ቅየራ» ተብሎ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ የወጣውን ዕቃ ተቀበሉ። እኔ አሮጌውን ሳጥን ስጠይቅ «ለቁራሌው ሰጠነው» ተባልኩ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄን ዋጋ ጠይቅ ብዬ ወደዚያው ጋራዥ ላክሁት። መደርደሪያው ላይ በናፍጣ ታጥቦ የተወለወለ የኮሮላ ሳጥን አለ፤ ጫፉ ላይ አምና እኔው በእጄ ያሰርኩት ሰማያዊ ሽቦ ሳይፈታ። ከዱባይ የመጣ ነው ብለውታል።