ለሽያጭ የቀረበች ባለ ማኑዋል ማርሽ ትንሽ መኪና፦ የ11 ዓመት ባለቤቷ ግምገማ

ይህችን ባለ 1 ሊትር ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ ትንሽ መኪና ለ11 ዓመታት ነድቻታለሁ። አሁን ያለ ደላላ በራሴ ልሸጣት ስለ ወሰንኩ፣ ሊገዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውን መልካሙንም ጉድለቱንም መጻፍ ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ 187,000 ደርሷል። ቁጥሩ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ በእኔ እምነት ግን በማኑዋል መኪና ከመቁጠሪያው አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) መቼ እንደ ተቀየረና መኪናዋ በምን ዓይነት መንገድ እንደ ተነዳች ነው።

ፍሪሲዮንን የሚጨርሰው የተሄደው ርቀት ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ እንደ ተረገጠና እንዴት እንደ ተለቀቀም ይቈጠራል። አውራ ጎዳና ላይ በ5ኛ ማርሽ ረጅም መንገድ የምትሄድ መኪና የፍሪሲዮን ዲስኳ ከቮላኖው (በሞተሩ ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር አንድ ሆኖ ስለሚዞር እምብዛም አይፋቅም፤ በተጨናነቀ መንገድ እየቆመች የምትነሣ፣ ዳገት ላይም በእጅ ፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን ተይዛ የምትቆም መኪና ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ርቀት ዲስኳን ትጨርሳለች። የእኔዋ 121,000 ላይ ሳለች መንሸራተት ጀምራ ነበር፦ በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ ፍጥነቷ ግን ባለበት ይቀራል። ያን ጊዜ ዲስኩን፣ ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ፕሬሽር ፕሌትና ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ የሚገፋውን ኩሽኔታ በአንድነት አስቀየርኩ፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አንዴ ከወረደ በኋላ ከሦስቱ አንዱን አሮጌ መልሶ መግጠም ያንኑ ወጪና ድካም ለሁለተኛ ጊዜ መጥራት ነውና። ደረሰኙ ከሰርቪስ ደብተሯ ጋር ተያይዟል።

ዋናው ጉድለቷ 2ኛ ማርሽ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ከ1ኛ ወደ 2ኛ በችኮላ ሲገባ የጥርስ መፋጨት ድምፅ ይሰማል። የሲንክሮናይዘሩ ቀለበት የማርሹን ፍጥነት ከዘንጉ ፍጥነት ጋር የሚያስማማው በሰበቃ ስለሆነ፣ ቀለበቱ ሲያረጅና የካምቢዮው ዘይት በቅዝቃዜ ሲወፍር ሥራውን ለመፈጸም ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ዘይቱን ካስቀየርኩ ወዲህ ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ማርሹን ቀስ ብሎ የሚያስገባ ሰው ግን አይሰማውም። ስለዚህ ገዢ የሚሆን ሰው ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደ ሆነ መጥቶ ራሱ አስነሥቶ እንዲሞክራት እፈልጋለሁ፤ አስቀድሞ የሞቀች መኪና ይህን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሲነሣ የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስም፣ ማለትም ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ የሚናገረውን ምልክት፣ ልትሰውር ትችላለች።

ሞተሯ አሳፍሮኝ አያውቅም። በሁለት ሰርቪስ መካከል ዘይት ጨምሬላት አላውቅም፤ ታይሚንጓ (የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ክፍል) በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት የሚሠራ በመሆኑም በየጊዜው የቺንጋ ቅያሪ አልጠየቀችኝም። ባለ 3 ሲሊንደር ስለሆነች ቆማ ስትሠራ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፤ ይህ ተፈጥሮዋ ነው። አምስት ሰው ጭኖ ረጅም ዳገት ለሚወጣ ቤተሰብ ግን አልመክራትም፤ 2ኛ ማርሽ ላይ ብዙ ትቆያለች፣ ኋላ የሚቀመጡትም ጉልበታቸው ይጣበባል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው የየዕለት ጉዞ፣ እንዲሁም ማኑዋል መንዳት በሚገባ ለመማር ለሚፈልግ፣ ፍሪሲዮኗ ለስላሳ፣ ዙሪያዋም በግልጽ የሚታይ በመሆኑ ደስ ታሰኛለች።

የፊት ጎማዎቿ ጎን ላይ 2321 የሚል ቁጥር ይነበባል፤ በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተመረቱ ናቸው ማለት ነው። የኋላዎቹ ያረጁ ስለሆኑ ገዢው ቅያሪያቸውን በሒሳቡ ውስጥ ያስገባ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መጥቶ ነድቷት ወደዳትና ወዲያውኑ ልክፈል አለ። እኔ ግን የሚያምነውን መካኒክ ይዞ እንዲመለስ፣ የሻንሲ ቁጥሯንም 17ቱንም ፊደላትና አኃዞች ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር አንድ በአንድ እንዲያመሳክር ለመንኩት። ቅር ብሎት ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ከመካኒኩ ጋር ተመለሰ። መካኒኩ ከኮፈኑ በፊት የጠየቀኝ የፍሪሲዮኑን ደረሰኝ ነበር።