የአሳ ዘይት ጠይቄ የጉበት ዘይት ተሸጠልኝ

ሰሞኑን 2,800 ብር ተበላሁ። ብሩስ ይሁን፣ የልጄ ነገር ነው ያስደነገጠኝ።

ልጄ 2 ዓመቷ ነው። ኦሜጋ 3 የሚባለውን ጠቃሚ ቅባት ላስጀምራት ብዬ የውጭ ዕቃ ወደሚሸጥ ሱቅ ሄድኩና የአሳ ዘይት ጠየቅኩ። ባለሱቁ ጠርሙስ አወረደ። «የጉበት ይላል እኮ» አልኩት። «ያው ነው የኔ እህት! እንዲያውም የጉበቱ ይበልጣል። ጠዋት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማታ አንድ» አለኝ።

ያው አይደለም። ተራው የአሳ ዘይት እንደ ሰርዲን ካሉ ቅባታም አሳዎች አካል የሚወጣ ነው፣ ዋናው ነገሩ ኦሜጋ 3 ነው። የኔው ግን ኮድ ከሚባል አሳ ጉበት የተጨመቀ ነው። ጉበት ደግሞ የቫይታሚን ኤ እና ዲ ጎተራ ነው። ኦሜጋ 3 አለው፤ ግን ቫይታሚኖቹም አብረው ነው የሚመጡት።

ማታ ልጅቷ ስትተኛ የጠርሙሱን ጀርባ አነበብኩት። በአንድ የሻይ ማንኪያ ቫይታሚን ኤ 4,500 አይዩ (የቫይታሚን መለኪያ ነው) ይላል። ይህ 1,350 ማይክሮግራም ያህል ነው። በአሜሪካኖቹ መመሪያ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ የቀኑ ጣሪያ 600 ማይክሮግራም ነው። ባለሱቁ እንዳለው ሁለቴ ብሰጣት 2,700 ልትጠጣ ነበር። በየቀኑ!

ቫይታሚን ሲ ቢበዛ በሽንት ይወጣል። ኤ ግን ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ ራስ ምታትና ማስመለስ ያመጣል፣ ጉበትንም ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ይብሳል፣ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል እንግሊዞቹ ነፍሰ ጡሮች ጭራሽ እንዳይወስዱት ይመክራሉ። እህቴ ስድስት ወሯ ነው፤ «ለኔም ትንሽ ቅጂልኝ» ብላኝ ነበር።

«ጤና ጣቢያስ ለልጆች 200,000 አይዩ ይሰጥ የለ?» ያለኝ ሰው አለ። አዎ፣ ግን እሱ በ6 ወር አንዴ፣ ተለክቶ ነው። በየቀኑ በማንኪያ ሌላ ነገር ነው።

ሁሉም የጉበት ዘይት እንዲህ ነው አልልም። ኤውን ቀንሰው የሚያሽጉ ኩባንያዎች አሉ። ለዚህ ነው ጀርባውን አንብቡ የምለው። እንክብል ከሆነም ፊት ለፊት «1000» የሚለው ብዙ ጊዜ የዘይቱ ክብደት ነው። የኦሜጋ 3 ዓይነቶቹን፣ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚሉትን ፈልጋችሁ ደምሯቸው፣ በተራው እንክብል 300 ሚሊግራም ቢሆን ነው።

ስከፍተው ደግሞ የከረመ ኑግ ዘይት ሸተተኝ። ኦሜጋ 3 ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። የኔው ጠርሙስ ነጭ ነው፣ ውስጡ ይታያል። የማብቂያ ቀኑ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ይህን ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ልመልስ ሄድኩ። «የተከፈተ አንቀበልም» አለኝ። ሽታውስ ስለው ደግሞ «አሳ ነዋ! ምን እንዲሸት ፈለግሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ስወጣ ዞር ብዬ አየሁ። የቀሩት ጠርሙሶች መስኮቱ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ።