ጥፋቱ የአየሩ አይደለም፣ የኮላው ነው

ጥር ላይ፣ እኩለ ሌሊት፣ ጥይት የተተኮሰ መስሎኝ ብድግ አልኩ። መብራት ሳበራ የቁምሳጥኔ ግራ በር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ከገዛሁት ገና አምስተኛ ወሩ ነበር።

የምኖረው ቤጂንግ ነው። ቁምሳጥኑ፣ ሻጩ እንዳለኝ፣ የቺንግ ሥርወ መንግሥት (1644–1912) መጨረሻ ላይ፣ ሻንጋይ አጠገብ ባለችው ሱጆ ከተማ አካባቢ የተሠራ ነው። እንጨቱን ቻይናዎቹ ጁሙ ይሉታል። በሮቹ ማጠፊያ የላቸውም። ዳራቸው ላይ ያለው ቋሚ እንጨት ከላይም ከታችም ጫፉ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። ልብስ ይይዛል፣ ያምራል፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «እንጨት አይደል? ቤጂንግ ደረቅ ነው፣ ይሰነጠቃል» አለኝ።

ደረቅስ ደረቅ ነው። ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 15 የከተማው ማሞቂያ ይሠራል። ያን ሰሞን የቤቴ አየር እርጥበት ወደ 20 በመቶ ወርዶ ነበር። ሱጆ ደግሞ እርጥብ አገር ነው። ግን የድሮዎቹ አናጢዎች እንጨት እንደሚኮማተር ጠፍቷቸው ነው? የበሩን መሃል ጣውላ በሚስማርም በኮላም አያያይዙትም። ጠርዙን ፍሬሙ ውስጥ በተቦረቦረ ቦይ ያስገቡትና መላወሻ ይተዉለታል። ሲደርቅ ይጠባል፣ ሲረጥብ ይሰፋል። ያ ጣውላ ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ነው የኖረው።

አንድ አዛውንት አናጢ መጥተው አዩት። ቦዩ ውስጥ አዲስ ነጭ ኮላ ሞልቷል! ሲያድሱት እንዳይንኳኳ ብለው አጣብቀውታል። መሄጃ ያጣ እንጨት መሃሉ ላይ ተቀደደ።

እና ወንድሜ፣ በአየሩ አታሳብ። «ጥብቅ ተደርጎ ታድሷል» ብለህ ዋጋ የጨመርክብኝ በዚያው ኮላ ነው እኮ። ይሄ አሁንም ያበሳጨኛል።

አዛውንቱ ሽብልቆቹን አውጥተው በሩን ፈታቱት። ያለ አንድ ሚስማር! ፍሬሙ ሲለያይ ሳይ ንዴቴ ግማሹ ጠፋ። ኮላውን በሙቅ ውኃ አለስልሰው ፋቁ፤ ስንጥቁን በዚያው እንጨት ስስ ቁራጭ ሞሉት። 600 ዩዋን ከፈልኩ፣ አልቆጨኝም።

ቁምሳጥኑንም ደግሜ እገዛዋለሁ። አሁን ግን ከመክፈሌ በፊት የበሩን ጣውላ በአውራ ጣቴ ገፋ አደርጋለሁ። ትንሽ ካልተነቃነቀ ትቼው እሄዳለሁ።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ጥር በጣውላው ዳር፣ ቀለም ያልነካት፣ ክር የምታክል ነጣ ያለች መስመር ብቅ አለች። ሐምሌ ላይ ተመልሳ ገባች።