ከጣት እስከ ክርን፣ 68 ሜትር፦ የባዮው ጥልፍ

ያስቸኮለችኝ ልጄ ናት። «እማዬ፣ የባዮው ጥልፍ ሙዚየም በኦገስት መጨረሻ ሊዘጋ ነው፤ አሁን ካላየሽው ሁለት ዓመት ትጠብቂያለሽ» አለችኝ። የምንኖረው ፈረንሳይ አገር፣ ኖርማንዲ ውስጥ ካን ከተማ ነው፤ ባዮ በባቡር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ቅርብ ነው፣ እንሄዳለን» እያልኩ ሳልሄድ ቆይቼ፣ ሙዚየሙ ለእድሳት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በ2025 ኦገስት ሄድን።

የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እናቴ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። እኔም ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ የቀሚስ አንገትና እጅጌ ስጠልፍ ነው ያደግሁት። እዚህ አገር ልብስ ማስተካከያ ቤት እሠራለሁ፤ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የኮት ገበር አወጣለሁ። የማወራችሁ እንግዲህ በመርፌ ሰው ዓይን ያየሁትን ነው።

የ1066ን ጦርነት በሥዕል የሚተርከውን ይህን ጥልፍ ፈረንሳዮቹ «ታፒስሪ» ይሉታል። ታፒስሪ ግን ሥዕሉ ከድሩና ከማጉ ጋር አብሮ ሲሸመን ነው። ይህ ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የተሠራ ነው። እኛ ቤት ሁለቱ ተምታተው አያውቁም፤ የአባቴ ጥለት ነው፣ የእናቴ ጥልፍ ነው። የባዮው ጥልፍ ነው።

ጨርቁ የተልባ እግር ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን በዚሁ ስም የሚጠራው። እኛ ፍሬውን ቆልተን ወቅጠን በጾም የምንጠጣውን ተልባ፣ እነሱ አገዳውን ዘፍዝፈው ቃጫ አውጥተው ይፈትሉታል። ዘጠኝ ቁራጭ ተቀጣጥሎ ርዝመቱ ከ68 ሜትር በላይ ሆኗል፤ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መስታወቱ ላይ ክንዴን ሳስጠጋው ከጣቴ ጫፍ እስከ ክርኔ ልክ መጣ፤ አንድ ክንድ። ክሩ የበግ ጠጉር ነው። ቀለሙ ከሦስት ተክል ብቻ ነው የወጣው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ይሰጣል። እነዚያን እየደራረቡና እያቀጠኑ አሥር ዓይነት ቀለም አውጥተዋል። ጥቁር የሚመስለው እንኳ በጣም የጠቆረ ሰማያዊ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ልጅ ሳይተካ ሞተ፤ ሃሮልድ ዘውዱን ጫነ፤ የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም «ለእኔ ነው ቃል የተገባው» ብሎ ባሕር ተሻገረ፤ በ1066 ሄስቲንግስ ላይ ተዋጉና ሃሮልድ ወደቀ። አብዛኞቹ የታሪክ ሰዎች ጥልፉን ያሠራው የዊልያም የእናት ልጅ የባዮው ጳጳስ ኦዶ ነው፣ የተጠለፈው ደግሞ እንግሊዝ አገር በ1070ዎቹ ነው ይላሉ። ማን እንደ ጠለፈው ግን አንድም ስም አልተረፈም።

አዳራሹ ጨለማ ነበር፤ ብርሃን ክሩን ስለሚጎዳ መብራቱ ደብዛዛ ነበር። ጥልፉ በመስታወት ውስጥ እንደ ፈረስ ጫማ ታጥፎ ይሄድ ነበር። ጆሮ ላይ የሚደረገው መሣሪያ ከትዕይንት ትዕይንት እየመራ ይወስድ ነበር፤ ትዕይንቶቹ 58 ናቸው። እኔ በፈረንሳይኛ እየሰማሁ አንድ ጊዜ ጨረስኩና መሣሪያውን ከጆሮዬ አውልቄ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የምመክራችሁም ይህንኑ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ታሪኩን ስሙ፣ በሁለተኛው ክሩን እዩ።

በሁለተኛው ዙር አንድ ፈረስ ፊት ብዙ ቆምኩ። የፈረሱ ዙሪያ በክር መስመር ተይዟል። ሆዱ የተሞላው እንዲህ ነው፦ ክሩ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል፤ ዳሩ ላይ ወደ ጀርባ ይገባና በጀርባ ሳይሻገር እዚያው ጥግ ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ ጎን ለጎን ሲሞላ፣ ሌላ ክር በላዩ ላይ በየጥቂቱ አግድም ይጋደማል፤ ያንን ደግሞ ጥቃቅን ስፌት ከጨርቁ ጋር ያስረዋል። ስለዚህ ሱፉ ከሞላ ጎደል በሙሉ ፊት ላይ ነው፤ ጀርባው ላይ የሚቀረው ዳር ዳሩን ነጠብጣብ ብቻ ነው። እናቴ እኔ በጀርባ በኩል ክር ጎትቼ ስሻገር ባየች ቁጥር «ጀርባውን ማን ያየዋል ብለሽ ነው ክር የምታበዪው?» ትለኝ ነበር። ክር በገንዘብ ነው፤ እዚያም ቤት በገንዘብ ነበር። ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፋቸው እጆች እንደ እናቴ ክር ሲቆጥቡ ሳይ ደረቴ ሞላ፤ ልጄ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

የፈረሶቹን እግር አስተውሉ። ወደ እኛ ያለው እግር አንድ ቀለም፣ የወዲያኛው እግር ሌላ ቀለም ነው፤ ሰማያዊ ፈረስ ቀይ እግር ይዞ ይሮጣል። ጥላ የለም፣ ቀለሙን ቀስ በቀስ ማደብዘዝ የለም፤ ቅርብና ሩቁን በቀለም ብቻ ለይተውታል። ወደ 200 ፈረስ አለ፤ አንዱም ቆሞ የደነዘዘ አይመስልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመጀመሪያው ጨርቅ ከ13 ሜትር በላይ ይሄድና ከሁለተኛው ጋር ይገጥማል። እዚያ ላይ የላይኛውን ጠርዝ መስመር ተከተሉት፤ አይገጥምም። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሏል። ሁለቱ ጨርቆች ለየብቻ ተጠልፈው ካለቁ በኋላ ነው የተሰፉት። ከዚያ ወዲያ ያሉትን መገጣጠሚያዎች ግን ፈልጌ ፈልጌ አቃተኝ። ጨርቁን አስቀድመው ገጥመው፣ ጠርዙን በስፌቱ ላይ እያሳለፉ ጠልፈውታል። የመጀመሪያው ላይ ተሳሳቱ፣ ተማሩ፣ ሁለተኛ አልደገሙትም።

ይህን ያወቅሁት እኔም ስለ ሠራሁት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ የጎረቤት ሙሽራ ቀሚስ መጣልንና ጊዜ ስላጠረን የደረቱን ቀኝ እናቴ፣ ግራውን እኔ ያዝን። ሲገጣጠም የእኔ መስቀል ከእናቴ መስቀል ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሠርጉ ቅዳሜ ነበር፤ ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ ፈታሁት። ባዮ ላይ ግን አልፈቱትም፤ እንዳለ ተዉት። ዛሬ ያ ያልገጠመ መስመር ሥራውን ለየብቻ ተከፋፍለው እንደ ያዙት ይናገራል። ሙዚየሙ ውስጥ ካየሁት ሁሉ እሱን ነው የወደድኩት።

ጅራታሙ ኮከብም አለ። በ1066 ሚያዝያ ሰማይ ላይ የታየው የሃሌይ ኮከብ ነው፤ ሰዎች ተሰብስበው ጣታቸውን ወደ ላይ ይቀስራሉ፣ አጠገባቸው ሃሮልድ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወሬ ይሰማል። አገራችን ላይ ጅራታም ኮከብ ሲታይ ሽማግሌዎች የሚሉትን ለሚያውቅ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም።

ከ600 በላይ ሰው በተጠለፈበት በዚህ ጨርቅ፣ በዋናው መደብ ላይ ያሉት ሴቶች ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስተኛዋ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። ወታደሮች ቤት ላይ እሳት ይለቃሉ፤ ከሥር አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ ትወጣለች። ስም የላትም፤ ከላይ የተጻፈው «እዚህ ቤት ይቃጠላል» የሚል የላቲን ጽሑፍ ብቻ ነው። ነገሥታቱና ጳጳሳቱ ስማቸው በክር ተጽፏል። እሷን የጠለፈችው እጅ ግን የልጁን መዳፍ በእናቱ መዳፍ ውስጥ ለማስያዝ ተጠንቅቃለች። ከእኛ አገር ለመጣ ሰው ይህን አይቶ ማለፍ ከባድ ነው። ልጄም እዚያ ጋ ዝም ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

መጨረሻው ተቆርጦ ጠፍቷል። እንግሊዞቹ ሲሸሹ ይታያል፣ ከዚያ ጨርቁ ያልቃል።

ሥራዬ ጥገና ስለሆነ የተጣፈውንም ሳላይ አላለፍኩም። ከ500 በላይ መጣፊያ አለበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያደሱት ሰዎች የተጠቀሙበት ክር ዛሬ ደብዝዟል፤ የጥንቱ፣ ከተክል የወጣው ግን አሁንም ቀለሙን አለቀቀም። በ2020 ጠጋኝ ባለሙያዎች ስንዝር በስንዝር ሲመረምሩት 24,204 ነጠብጣብና እድፍ፣ 16,445 መጨማደድ፣ 9,646 የጎደለ ወይም የተበሳ ቦታ፣ 30 ያልተያዘ ቅዳጅ ቆጥረዋል። በ1792 በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የጦር ጋሪ ዕቃ መሸፈኛ ሊያደርጉት ጭነውት ነበር፤ አንድ የከተማው ጠበቃ ሌላ ሸራ ሰጥቶ አስጣለው። ቁጥሩን ካነበብኩ በኋላ እዚህ መድረሱ ራሱ ገረመኝ።

አሁን ባዮ ዝግ ነው፤ አዲሱ ሙዚየም በ2027 እንዲከፈት ታቅዷል። እስከዚያው ጥልፉ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ከ2026 ሴፕቴምበር እስከ 2027 ጁላይ እንዲታይ ሁለቱ አገሮች ተስማምተዋል። ፈረንሳይ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው «አይንቀሳቀስ» ብሎ ፈርሟል። እኔም ብጠየቅ እፈርም ነበር። ሠላሳ ቅዳጅ ያለበት ያረጀ ጨርቅ መጠቅለልና መዘርጋት ምን እንደሚያደርገው በእጄ አውቀዋለሁ። ግን ከተወሰነ ወዲህ ለንደን ያላችሁ ወገኖቼ አያምልጣችሁ፤ ቲኬቱን አስቀድማችሁ ያዙ።

ስለ መለማመጃ ጥቅሎቹ አንድ ምክር አለኝ። ጨርቅ፣ ክርና መርፌ የያዘ «የባዮ ስፌት» ጥቅል ከሙዚየሙ ውጭ፣ ሌላ ከተማ ካለ ሱቅ ገዛሁ። ቤት ስከፍተው ክሩ አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። አክሪሊክ ያንሸራትታል፣ ጎን ለጎን አይያያዝም፣ የተጋደመውም ክር አይረጋም። መርፌውም ስለ ወፈረ ጨርቁን ይበሳዋል። ስትገዙ ሱፍ መሆኑን ወረቀቱ ላይ አንብቡ። እኔ ክሩን ትቼ ቀጭን የሱፍ ክር ገዛሁና የአንድ ፈረስ የፊት እግር ሞከርኩ። መዳፍ የማታህል እግር ሁለት ምሽት ፈጀችብኝ፤ የመጀመሪያውን ምሽት ሥራ ፈትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ክሩን አጥብቄ ስስበው ጨርቁ ተኮማተረ። ላላ አድርጎ መዘርጋት፣ ከዚያ በአግድሙ ማሠር ነው ምሥጢሩ።

እንግሊዝ ላላችሁ ሌላም አለ። ሬዲንግ ከተማ ሙዚየም ውስጥ በ1885ና በ1886 ሊክ የምትባል ከተማ ሴቶች፣ ኤሊዛቤት ዋርድል አስተባብራቸው፣ ሙሉውን ገልብጠው የጠለፉት ቅጂ አለ። መጀመሪያ «ቅጂ ምን ያደርጋል» ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አነበብኩ፦ እያንዳንዷ ሴት ከጠለፈችው ክፍል ሥር ስሟን ጠልፋለች። ለፋሲካ እህቴ ጋ ለንደን ስሄድ ሬዲንግ እወርዳለሁ፤ ያንን ስም በስም አነበዋለሁ።

ብሪቲሽ ሙዚየም የምትሄዱ ደግሞ አንድ አደራ አለብኝ። የመጀመሪያውን መገጣጠሚያ ፈልጉ፣ የላይኛውን ጠርዝ። ከዚያ የቀሩትን ሰባቱን ሞክሩ። አንዱን እንኳ ያገኘ ሰው የት ጋ እንደሆነ ይጻፍልኝ፤ እኔና ልጄ ከመስታወቱ ፊት አንድ ሰዓት ቆመን አላገኘናቸውም።