ሙሉ ዓሣ ወይስ ቁራጭ? መንጠቆ ላይ ለማባበያ የቱ ይሻላል?

መልሱ በምታጠምዱት ዓሣ ይወሰናል።

አምባዛ ከዓይኑ ይልቅ በጢሙና በማሽተት ነው የሚያድነው። ለእሱ ቁራጭ ይበቃል። ወጪውም ትንሽ ነው፤ ከአንድ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አራት አምስት ቁራጭ ይወጣል። መንጠቆውን በቆዳው በኩል ሁለቴ አሳልፉት። ጫፉ ግን ወጣ ብሎ ይታይ፤ ሥጋው ውስጥ ከተቀበረ ዓሣው ይጎርስና ያመልጣል። ከዚያ ታች አስቀምጦ መጠበቅ ነው። ችግሩ፣ ትንንሽ ዓሦች ለቃቅመው ይጨርሱታል።

ናይል ፐርች ሌላ ነው። አይቶ ነው የሚያሳድደው፤ እኔ ሙሉውን እመርጥለታለሁ። አሰካኩ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መንጠቆው በማባበያው ዓሣ ታችኛው ከንፈር ገብቶ በላይኛው ይውጣ፤ አፉንም በክር ስፉት። አፉ ከተከፈተ ሲጎተት ይሽከረከራል፣ ገመዱም ይጠማዘዛል። ስትስቡት ቀስ፣ ቆም፣ እንደገና ቀስ። ቆም ሲል ወደ ታች ይሰምጣል፤ ልክ የቆሰለ ዓሣ ይመስላል።

አባያ ውሃው ደፍራሽ ስለሆነ ሽታ ያለው ቁራጭ ያዋጣል። ጫሞ ጠራ ስለሚል ሙሉውን ሞክሩ። አደራ፣ እዚያ አዞ ብዙ ነው፤ ውሃው ዳር ቆማችሁ አትሳቡ።